እማማ ጫልቱ ስማቸውን የጻፉበት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ለተማሪዎቼ ደብተር ስመርጥ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ አሮጌ የካርቦን ወረቀት እሽግ አውጥቶ አቧራውን እፍ አለበት። ሰምና ዘይት የተቀላቀለበት የሚመስለው ሽታ ሲደርሰኝ ሳላስበው ጣቶቼን ገልብጬ አየሁ፤ ሰማያዊ ቀለም የነካቸው መስሎኝ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት፣ ቦሌ ቡልቡላ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ቡልቡላ ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥና እኔም ተማሪዎቼም «ሀ» ላይ አፋችንን እንደከፈትን ጩኸቱ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ተማሪዎቼ እናቴን የሚያህሉ ሴቶች ቢሆኑም በቁመት አሰልፌ አስገባቸው፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር አይ ነበር። አንዷን ሕጌን ደግሞ በየቀኑ አስደግማቸዋለሁ፤ ማንኛውም ወረቀት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ከላይ ስማችሁን ጻፉ።

ሌላም ሥራ ነበረኝ። ጸሎት ቤታችን ስለታሸገ በየቤቱ ተደብቀን እንሰበሰብ ነበር። ኦሎምፒያ አጠገብ በምንሄድበት ቤት ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ያልተቆረሰ ዳቦ ይቀመጣል፤ ቀበሌ ድንገት ቢመጣ የልጅ ልደት ነው እንድንል ነው፤ የቤቱ ልጅ በአንድ ዓመት አሥራ አራት ጊዜ ተወልዳለች። መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ መውጣቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ወንጌልን በካርቦን በእጄ እየገለበጥኩ ለሚጠይቀኝ እሰጥ ነበር።

እማማ ጫልቱ ጠየቁኝ። ከትምህርት በኋላ በማሳው መንገድ አብረን ስንሄድ፣ «አንቺ ልጅ፣ አገሩ ሁሉ ፈርቶ አንቺ ምን አግኝተሽ ነው ፊትሽ የማይጠቁረው?» አሉኝ። በብዙ ቀን መንገድ ነገርኳቸው፤ አመኑም። ሲያምኑ ስለ ሳምራዊቷ ሴት የሚናገረውን ክፍል ገልብጬ ሰጠኋቸው። አስተማሪነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ከግርጌው ሦስት ጥያቄ ጨመርኩበት፤ ከአናቱም «ስም» ብዬ መስመር አሰመርኩ። እሳቸውም እንደተማሩት «ጫልቱ በዳዳ» ብለው ሞሉት። ደስታውን ለብቻቸው መያዝ አልቻሉምና ወረቀቱን ለጎረቤታቸው ሰጧት፤ የጎረቤታቸው ባል ደግሞ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰጠው።

ሊቀመንበሩ ሁለት ጠባቂ አስከትሎ ክፍሌ ገባ። ከኋላዬ ጥቁር ሰሌዳው በጽሑፌ ሞልቷል፤ ያንን ወረቀት ከሰሌዳው ጋር ማስተያየት ለሚችል ሰው አንድ እጅ እንደጻፋቸው ግልጽ ነው።

«ጫልቱ በዳዳ ማናት?»

እማማ ጫልቱ ተነሡ።

«ይኼን የጴንጤ ወረቀት ማን ጻፈልሽ? ከሲአይኤ ነው ከሰማይ የወረደልሽ?»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቀ። እኔ ነኝ ብል እስር ቤት እንደምገባ አውቃለሁ። በሰው ፊት ስለ መመስከር ለእማማ ጫልቱ ያን ሁሉ መንገድ ያስረዳሁት ግን እኔው ነበርኩ። እጄ ዳስተሩን አነሣ። ሰሌዳውን እንደ ወትሮዬ ከላይ ወደ ታች፣ ምንም ሳላስቀር አጠፋሁት። ዞር ስል እማማ ጫልቱ እያዩኝ ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ።

«አንቺ? አምና በአውራ ጣትሽ ትፈርሚ የነበርሽው?»

«ዘንድሮ ተማርኩ። ተማሩ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ከኋላ ወንበር ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። ወሰዷቸው።

አራት ወር ታሰሩ። በየጠዋቱ ዛሬ ሄጄ እናገራለሁ እያልኩ ልብሴን ለብሼ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ስንቅ ይዤ እስከ በሩ ደረስኩ፤ ዘበኛው «ምናቸው ነሽ?» ሲለኝ «ጎረቤታቸው ነኝ» ብዬ ሰጥቼው ተመለስኩ።

ሲፈቱ ከስተው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መጡና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። በዚያው መንገድ ስሸኛቸው «እማማ፣ ያን ቀን እኔ…» ስል አላስጨረሱኝም።

«ተይው ልጄ። ሁለታችንም ብንገባ እነዚህን ሴቶች ማን ያስተምራቸው ነበር? እኔስ እዚያ መች ሥራ ፈታሁ፤ አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች ያቺን ታሪክ በቃላቸው ይዘዋታል።»

እማማ ጫልቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ማሳቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከፎቆቹ መካከል የእኛ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እኔም መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ እምነቴ እናገራለሁ፣ ሰዎች ያጨበጭቡልኛል። እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ ይህን አልጠራጠርም። ነገር ግን «እኔ ነኝ» ማለት ዋጋ የነበረው ያን ቀን ነበር፤ ዛሬ የፈለግሁትን ያህል ጮኼ ብናገረው ማንም አያስረኝም።