ሰዓቱ ተጠግኖ እስኪመጣ

መሪጌታ አሥራተ ማርያም ቅኔውንም ዜማውንም ጠንቅቀው ተምረው ሰቆጣ ቢመለሱ፣ ደብሩ ሁሉ መሪጌታ ሞልቶት ጠበቃቸው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ሥራ መፍታቱንም ቢሆን በዜማ ነበር የሚያስኬዱት።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የትምህርት ቤታችን የግድግዳ ሰዓት ተበላሽቶ ደሴ ተላከ። የሁለቱ አስተማሪዎቻችን የእጅ ሰዓት ደግሞ እርስ በርሱ አይስማማም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይምላሉ። ዳይሬክተሩ አቶ ይግዛው ግራ ቢገባቸው፣ መሪጌታን «ሰዓቱ ተጠግኖ እስኪመጣ» ብለው በጊዜያዊነት ደወል ደዋይ አደረጓቸው። መሪጌታ እንደ ቤተ ክህነት ልማድ የጥላቸውን ርዝመት በባዶ እግራቸው እየለኩ፣ ወይራው ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ ይመቱ ነበር።

ከደሴ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ፊታቸው ይገረጣል። ለሰዓት ሠሪው ጤና አዘውትረው ይጸልዩ ነበር፤ ፍጥነት እንዲሰጠው ግን አንድም ቀን አልጸለዩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ «ጊዜያዊው» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር።

በዓመቱ ሰዓቱ እንደማይጠገን ተነገረ። አቶ ይግዛው መሪጌታ ቋሚ ይሁኑ ብለው ጻፉ፤ ነገሩን የሚያዩ ተቆጣጣሪም ከደሴ መጡ። ተቆጣጣሪው ከወደዱ ቋሚ ሥራ ነው፣ ካልወደዱ ስንብት።

ያን ዕለት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ባላቸው እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ሰፊ የሸራ ጫማ አስጠለቋቸው። መሪጌታም ለአራት ሰዓቱ ዕረፍት ጥላቸውን በዚያው ጫማ ለክተው ደወሉ። እኛ እየጮህን ወጣን። ተቆጣጣሪው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«ገና ሩብ ሰዓት ይቀራል እኮ፣ መሪጌታ!»

መሪጌታ ክው አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ቢያዩ፣ ጫማው ታያቸው።

«የኔ ጥፋት አይደለም ጌታዬ፤ ይኼ ጫማ ከእግሬ ሁለት ጣት ይተርፋል፤ ጥላዬን አሳጠረብኝ» አሉና እዚያው አወለቁት።

ደግመው ለኩ። ጥቂት ጠብቀው እንደገና ለኩ። ከዚያ ደወሉ። እኛም የተቆጣጣሪውን ፊት አየን፤ መሪጌታን እንወዳቸው ነበር።

«ልክ አራት ሰዓት!» አሉ ተቆጣጣሪው፣ በሳቅ እየፈነዱ።

የቋሚነቱ ደብዳቤ ከካኪ ኮትና ከአዲስ ጫማ ጋር ሲመጣ መሪጌታ አለቀሱ። ኮቱን ለበሱ፤ ጫማውን ግን ቤት ትተውት ወጡ።

«ቋሚ ሆነውም በባዶ እግርዎ ሊሄዱ?» አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ።

«ቋሚ ያደረገኝ እግሬ ነው። ጫማውን አንቺ አድርጊው።»

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ቢሰፋቸውም አደረጉት። ከዚያ ወዲያ «ጊዜያዊው» ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም።