በማንጎ ጁስ የደበቅሁት ካፕሱል

መጀመሪያ ያየነው ደም ነው። የስድስት ዓመቱ ወንድሜ አንዋር ሆዱን ይዞ ከሽንት ቤት ወጣና «እማ፣ ቀይ ነው» አለ። ከሦስት ቀን በፊት እንፍራንዝ ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን ጥሬ ወተት ጠጥቶ ነበር። እኛ ሰፈር ሆዱን የታመመ ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ይባላል፤ እኔም እንደዚያው አልሁ።

ጎንደር ሆስፒታል ተኛ። ሰገራው ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያው አድጎ እንዲለይ፣ ተወሰደ። ዶክተሯ ግሉኮስ ሰቀለችለት፣ ኦ.አር.ኤስ አዘዘችለት፣ በቃ። ወንድሜ እየደማ ውኃ ብቻ ያጠጡታል ብዬ ተናደድሁ። እኛ ቤት ደግሞ የተረፈ መድኃኒት አይጣልም። አባቴ ታይፎይድ ሲታከም የተረፈውን አንቲባዮቲክ በቦርሳዬ አመጣሁ፤ ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን በማንጎ ጁስ በጠበጥሁት። ለማንም አልነገርሁም።

ጠዋት አንድ። ማታ አንድ።

«ይኼ ጁስ ይመራል» አለ አንዋር።

«ጠጣ፣ ሞልቃቃ» አልሁት።

በሦስተኛው ቀን የካልቸሩ ውጤት «ኢ. ኮላይ» የሚል መጣ። ዶክተሯ ለእናቴ አስረዳቻት፦ «ይቺ ባክቴሪያ ሁላችንም አንጀት ውስጥ አለች፤ አብዛኛዋ አትጎዳም። የትኛዋ ዓይነት እንደሆነች ለመለየት ጂኖሟ፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃዋ፣ መነበብ አለበት።»

ውጤቱን ስንጠብቅ የአንዋር ፊት አበጠ። ሽንቱ ቀነሰ። ከዚያ ቆመ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተሯ ወረቀት ይዛ መጣች። «ሺጋ ቶክሲን የሚባል መርዝ የሚሠራ ጂን አላት። መርዙ ኩላሊት ይጎዳል። አንቲባዮቲክ ያልጀመርንለት ይህን ጠርጥረን ነው፤ መርዙን ሊያበዛው ይችላል። እኛ ካዘዝነው ውጭ የወሰደው አለ?»

«ኧረ ምንም» አለች እናቴ።

የጠዋቱ ጁስ ብርጭቆ እጄ ላይ ነበር። ዱቄቱ ገና አልሟሟም። ዝም ብል ማንም አያውቅም።

«እኔ ሰጥቼዋለሁ» አልሁ። «ይኼ ዘጠነኛው ነው።»

እናቴ ፊቷን አዞረች። ዶክተሯ ብርጭቆውን ተቀበለችኝ። «በዚህ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ሳትሰጪውም ሊመጣ ይችል ነበር። አሁን ግን ይቁም። ማሸጊያውን አምጪልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሽንቱን የምትለኪው አንቺ ነሽ።»

ለካሁ። ዜሮ። በማግስቱም ዜሮ። ሐኪሞቹ ስለ ዳያሊሲስ፣ ደሙን በማሽን ስለ ማጣራት፣ ማውራት ጀመሩ። እናቴ አታናግረኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዋር ሸና። ሠላሳ ሚሊ ሊትር። ኩባያውን ይዤ ኮሪደሩን ስሮጥ ነርሶቹ ሳቁ፤ እናቴም ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ቀን በቀን እየጨመረ፣ የፊቱ እብጠት እየሟሸሸ፣ ያለ ዳያሊሲስ ኩላሊቱ አገገመና በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከእኔ ጋር እየተጨቃጨቀ በእግሩ ወጣ።

ዶክተሯንና ያንን ጂኖም ያነበቡትን፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸውን የቤተ ሙከራ ሰዎች፣ አላህ ይስጥልን። አሁን ከታማሚ አጠገብ ተቀምጣችሁ ይህን ለምታነቡ፦ ደም ያለበት ተቅማጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሐኪሞቹ መድኃኒት ሳያዙ ቢቀሩ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የሰጣችሁት ነገር ካለም ቢያሳፍራችሁም ዛሬውኑ ተናገሩ።

አንዋር አሁንም ጁስ ስሰጠው «መጀመሪያ አንቺ ቅመሽ» ይለኛል። እቀምስለታለሁ።