የመምህርት ሙ ጆሮ እና አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል

ባለቤቴ ሙ ዋንቺዩ በወረዳችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማረች። እኔ የምሠራው እዚያው መዝገብ ቤት ነው። ተማሪ ከገባበት ቀን እስከሚወጣበት ቀን ፋይሉ በእጄ ያልፋል። ስለ እሷ የምጽፈውን ከወረቀት ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ ወረቀት የሌለው ነገር ሲያጋጥመኝ ደግሞ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ስለነበረ ነው።

የእንግሊዝኛ ፈተና የማዳመጥ ክፍሉ ሃያ ጥያቄ፣ ሠላሳ ነጥብ ነው። ንባቡም ሃያ ጥያቄ ነው፤ የሚያዘው ግን አርባ ነጥብ። ሌሎቹ መምህራን የልጆቹን አቅም የሚያውቁት ወረቀት አርመው ሲጨርሱ ነበር። ዋንቺዩ ካሴቱ ሲቆም ታውቀዋለች። መድረኩ ላይ ቆማ ዓይንና እርሳስ ታያለች።

«የሰማ ልጅ ዓይኑ ይቆማል፣ እርሳሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል» ትለኝ ነበር። «ያልሰማ ልጅ መጀመሪያ ጣሪያ ያያል፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ክንድ ያያል፣ ከዚያ አፉን ይከፍታል። አፉን ከከፈተ ጥያቄው አምልጦታል።»

በንባብ ጊዜም እንዲሁ ነበረች። የልጁ ዓይን ወዳለፈው መስመር ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ቆጥራ የትኛው አንቀጽ እንዳልገባው ትናገራለች። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያነበውን ትከሻውን ነካ አድርጋ «አንብበው እንጂ አትብላው» ትለዋለች። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ በየልጁ ስም ትይዩ ሁለት ቁጥር ትጽፋለች፤ አንዱ የማዳመጥ፣ ሌላው የንባብ። ወረቀቱ ታርሞ ሲመጣ ልዩነቱ ከአንድ ጥያቄ አይበልጥም ነበር።

ሰው ይህን ተሰጥኦ ይለው ነበር። እኔ ከምን እንደመጣ አውቅ ነበር። ግራ ጆሮዋ መስማት አቁሟል፣ ቀኙም እየተከተለው ነበር። የቆዩትን ካሴቶች እስከ ዝምታቸው ድረስ በቃሏ ስለያዘች ያለ ድምፅም ትከተላቸዋለች። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል እቀመጣለሁ፤ ከኋላዋ ስመጣ እንዳትደነግጥ ወለሉን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ። ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ያልተነጋገርነው ክፍሏን እንዳይወስዱባት ፈርተን ነው። በእኛ ዘንድ መምህር አንድ ክፍል ይረከብና ሦስት ዓመት ይዞ እስከ ሰኔው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ያደርሳል። ከፈተናው በፊት ክፍሉን የተነጠቀ መምህር ልጆቹን መንገድ ላይ እንደጣለ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጨረሻ ክፍሏ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበር፤ ስድሳ አንድ ልጆች። ከእነሱ ጋር ሰኔን ደርሳ ጡረታ መውጣት ነበር የቀራት ምኞት። ሐኪም ቤትም ያልሄደችው ለዚሁ ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የጆሮ ሐኪሙ ልጅ የሚማረው እኛ ትምህርት ቤት ነበር።

ከስድሳ አንዱ መካከል ሉኦ ቹንዪን የምትባል ልጅ ነበረች። የመጣችው ቴፕ ከሌለበት የተራራ መንደር ነው። ንባቧ ሠላሳ ስድስት ሲሆን ማዳመጧ አሥራ አምስት ነበር። ዋንቺዩ አንድ ዓመት ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ እያስቀረች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስደምጣ ሃያ አንድ ላይ አደረሰቻት። አባቷ ግን በመጋቢቱ የሙከራ ፈተና ከአንድ መቶ ሃያኛ ደረጃ በታች ከወጣች ዌንጆው ከተማ ካለ ጫማ ፋብሪካ ከአክስቷ ጋር እንደምትገባ ከመጀመሪያው ተናግሯል።

ከሙከራ ፈተናው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት የድምፅ ፍተሻ ይደረጋል። የሽቦ ሠራተኛው ጌንግ ከማሰራጫው ክፍል ካሴት ያጫውታል። በየፈተና ክፍሉ አንዳንድ መምህር መጨረሻው ወንበር አጠገብ ይቆምና ፎርም ይሞላል፦ ጥርት ያለ፣ የሚያጉረመርም፣ የማይሰማ። ምልክት ያደርጋል፣ ይፈርማል፣ ይመልሳል። ያን ዓመት ለዋንቺዩ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ደረሳት። የሃያ አራቱንም ክፍል ፎርም የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። የእሷ ላይ «ጥርት ያለ» የሚል አየሁ፤ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አሰርኩት።

ውጤት በመጣ በሦስተኛው ቀን በየፈተና ክፍሉ እየደረደርኩ ስመዘግብ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ደረስኩ። ልጆቹ የሚቀመጡት ከየክፍሉ ተደባልቀው ነው። የተቀመጡት ሠላሳዎቹ ሁሉ በማዳመጥ ከአሥራ ሁለት በታች ነበሩ። ቹንዪን ዘጠኝ። በጠቅላላው ሁለት መቶ አሥራ አንደኛ ወጥታለች።

ክፍሉን የጠበቁት ከጎረቤት ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት መምህራን ነበሩ። አንዱ የስፖርት መምህር ነው፤ እሱ ጋ ስልክ ደወልኩ።

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ያው ዝዝዝ ይላል፣ አልፎ አልፎ ሰው ይናገራል። እንግሊዝኛ እንደዚያ መስሎኝ ነው እኔ።»

«ልጆቹ ምንም አላሉም?»

«አንዱ እጁን አወጣ። ዝም ብለህ ስማ አልኩት። ፈተና ላይ ማውራት ክልክል አይደል?»

በዚያው ጠዋት የቹንዪን አባት አንድ ጆንያ የድንች ስታርች ኑድል ተሸክሞ መዝገብ ቤት ገባ። ጆንያውን ጠረጴዛዬ ሥር ገፋ አደረገው፤ መልሼ ወደ እግሩ ገፋሁት።

«መምህር ጂ፣ የልጅቷን የመልቀቂያ ወረቀት ስጡኝና ልሂድ። አክስቷ ነገ ትሳፈራለች።»

«ሦስት ወር እኮ ነው የቀራት።»

«በዘጠኝ ነጥብ? በሬዬን ብልከው ዘጠኝ አያጣም። እሱ እንዲያውም ጆሮው ትልቅ ነው።»

ልጅቷ ከበሩ ውጭ ቆማለች። አልገባችም።

«ማኅተሙን የያዘው ሰው የለም» አልኩት። «ከሰዓት ተመለስ።» ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ምሳ ሰዓት ቤት ሄድኩ። ዋንቺዩ በጎመን ጭማቂ የኮመጠጠ ኑድል ሠርታ ጠበቀችኝ። በቀኟ በኩል ተቀምጬ የክፍሉን ዝርዝር ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩ። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ዓይኗ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ቾፕስቲኩን አስቀመጠች።

«የድምፅ ፍተሻውን ፎርም የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አዎ።»

«ባዶ ክፍል ነበር። የማየው ልጅ አልነበረም። በመስኮት በኩል መምህርት ሻኦ ከጎኔ ካለው ክፍል ፈርማ ስትወጣ አየሁ፣ እኔም ፈረምኩ።» ቀጥላም «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለችኝ።

«ቆይቷል።»

«ገምቼ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ወለሉን እንደ ፈረስ አይረግጥም።»

ሁለታችንም አልሳቅንም።

«ፎርሙ የት ነው?»

«ፋይል ውስጥ።»

«ቢጠፋስ?»

«በሥራ ዘመኔ አንድ ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

«አውቃለሁ። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።» ተነስታ ካፖርቷን ለበሰች። ኑድሉ እንደቀረበ ቀረ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቲያን ክፉ ሰው አልነበረም። እኔን እንደ ሁሉም ሰው ላኦ ጂ ይለኛል፣ ሽማግሌው ጂ ማለት ነው። ዋንቺዩ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት አስተምራዋለች። ዝርዝሩን አይቶ ሲጋራ ለኮሰ፣ ወዲያው አጠፋው።

«መምህርት ሙ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሠላሳዎቹን ቅዳሜ በሌላ ካሴት እንፈትናቸዋለን። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ከፍተሻው በኋላ ሌሊት ላላ እንላለን። ጌንግ በደንብ ሳያስረው ቀርቶ ነው። አለቀ።»

አፉን እያየች ነበር። «ጌንግ ምን ይሆናል?»

«እሱ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። ሌላ ቦታ አያጣም።»

«ሽቦው አልላላም። ስፈርምም እንደዚያው ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

«ቀስ በይ። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ አይነገርም።»

«ቀስ ብትል አልሰማህም፣ ጮክ በል» አለችው። «ግራው ከሞተ ቆይቷል። ቀኙም እየሄደ ነው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ቲያን ወደ እኔ ዞረ። «ላኦ ጂ፣ አንተ አትናገርም?»

«ፎርሙ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር ማለት የሚችል ሰው ቢኖር እወዳለሁ።

«እንዲህ ከሆነማ» አለ ቲያን ለእሷ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን አፉ ላይ እየቀረጸ፣ «ክፍሉን ልተውልሽ አልችልም። ወላጅ ነገ በር ላይ ይሰለፋል።»

«ሦስት ወር አይሞላም የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«በንባቡ ብቻ ብቀጥልስ? ማዳመጡን ሌላ ሰው ይያዝ።»

«መምህርት ሙ፣ አትለምኚኝ። እኔ ተማሪሽ ነኝ፤ ደስ አይልም።»

ከዚያ በኋላ አልለመነችም። እንዳልሰማች እዚያው በወረቀት ጽፋ ፈረመች፤ ቀኑንም ጻፈች።

ከሰዓት የቹንዪን አባት ሲመለስ ቲያን ራሱ አነጋገረው። ሰውዬው ብዙ አጉረመረመና አክስቷ ብቻዋን እንድትሳፈር ፈቀደ። ቅዳሜ ሠላሳዎቹ ተፈተኑ፤ ዋንቺዩ በአቅራቢያው እንዳትታይ ተነግሯት ስለነበር ቤት ሆና አንሶላ አጠበች። ቹንዪን ሃያ ሁለት ተኩል አመጣች፣ አንድ መቶ አራተኛም ወጣች። ጌንግም ሥራው ላይ ቀረ። የዋንቺዩ ክፍል ከኮሌጅ ከወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ወጣት መምህር ተሰጠ።

ዋንቺዩ የፈተና ወረቀት መጋዘን ተመደበች፤ ያረጁ ወረቀቶችን መደርደርና መቁጠር ነበር ሥራዋ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሁለት ወላጆች ሲያልፉ አንዷ ፊት ለፊቷ «ሦስት ዓመት ሙሉ ማዳመጥ ያስተማረቻቸው የማትሰማ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ጉድ» አለች። ሴትየዋ ዋንቺዩ እንደማትሰማ ስለተማመነች ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዋንቺዩ የሴትየዋን ከንፈር እስከ መጨረሻው አየችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻት።

የቀድሞ ተማሪዎቿ መጀመሪያ ሰሞን ወደ መጋዘኑ ይመጡ ነበር። አዲሱ መምህር ቅር ስላለው እንዳይመጡ ራሷ ነገረቻቸው። ቹንዪን ብቻ በሳምንት አንድ ቀን የሠራችውን የንባብ ልምምድ በበሩ ሥር ታስገባለች፤ ዋንቺዩም አርማ በእኔ በኩል ትመልስላታለች። መጻጻፋቸው ከዚህ አላለፈም።

ሰኔ ላይ እንግሊዝኛው ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። እንደየዓመቱ ካሴቱ እስኪያልቅ የግንባታ ማሽኖች ቆሙ፣ በዋናው መንገድ መኪና ጥሩንባ አልነፋም። ውጤቱ ሲመጣ ከስድሳ አንዱ ሠላሳ ስምንቱ አለፉ። ከዚያ በፊት እስከ ፈተናው ባደረሰችው ክፍል አርባ አራት ነበሩ። የቹንዪንን ወረቀት ለዋንቺዩ ወሰድኩላት፤ ለመምህራን ኮሌጅ የሚበቃ ነጥብ ነበረው። ማዳመጡ ሃያ አራት።

«ንባቡስ?» አለች።

«ሠላሳ ስድስት።»

«ሠላሳ ስምንት ይገባት ነበር» አለች፣ ወረቀቱንም መለሰችልኝ። ስለዚያ ክፍል ያወራነው የመጨረሻ ቀን ይህ ነው።

በመከር ወራት ራስ ምታት ጀመራት፤ ስትራመድ ግድግዳ መያዝ አመጣች። አሁን የሚደበቅ ነገር ስላልነበረ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ነርቩ ላይ፣ የእንቁላል ያህል እጢ መኖሩን በፊልሙ አሳየችኝ። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ቆይቶ የአንጎሉን ግንድ እንደተጫነ ነገረችኝ። ግራ ጆሮዋን የዘጋው ይኸው ነበር።

«ትንሽ ሳለ ቢሆን ቀላል ቀዶ ሕክምና ነበር» አለች። «መስማት ያቆመችው መቼ ነው?»

ዋንቺዩ አልጋው ላይ ሆና የሐኪሟን ከንፈር አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። መልሱ የእኔ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

«እ.ኤ.አ. በ1999፣ ጥቅምት አሥራ ሰባት» አልኩ። «ቀን ላይ ነው። በግራዋ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራኋት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። «ስምንት ዓመት?»

«ስምንት ዓመት ከአንድ ወር።»

ቀዶ ሕክምናው አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ዋንቺዩ በዘጠነኛው ቀን ሞተች፤ አንድም ጊዜ አልነቃችም።

የሠራተኛ ፋይል ሲዘጋ የሚሞላ ቅጽ አለ። የሞት ምክንያት የሚል አንድ መስመር፣ ሕመሙ መጀመሪያ የታወቀበት ቀን የሚል ሌላ መስመር። ሰዎች ሁለተኛው ላይ የሆስፒታሉን ቀን ይገለብጣሉ፣ ማንም አይጠይቅም። እኔ ጥቅምት 17 ቀን 1999 ብዬ ጻፍኩ፤ «ያወቀው» በሚለው ቦታም ስሜን ጻፍኩ። ቲያን ለፊርማ ሲመጣለት ቢሮዬ ድረስ ይዞት መጣ። በሩን ዘጋው።

«ላኦ ጂ፣ ይህ እኮ በአንተ ላይ ይመሰክራል። ለዘላለም እዚህ ይቀመጣል። ሌላ ቅጽ ልስጥህ?»

«ቀኑ ትክክል ነው» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ተቀምጦ ፈረመ።