ገመዱ ረጥቦ ነበር

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማስመሪያው ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ ክፍል ናቸው፤ ሚስቱም የምትጠራበት ስትቆጣ ብቻ ነው። የከተማውን ኳስ ሜዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኖራ ሲያሰምር የኖረው እሱ ነው። ሜዳ ይባል እንጂ ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ጭቃ ነው፤ በአንድ በኩል የአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ተደግፎበታል። የሚጫወትበትም ቡድን ከዚያ በታች ሌላ ሊግ ስለሌለ ብቻ ወርዶ የማያውቅ ቡድን ነው።

መስመሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ማስመሪያው እሁድ ማልዶ ጣት የሚያህል የቃጫ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ይመጣል። በገመዱ ላይ ቋጠሮዎች አሉ፤ ትልቁ ቋጠሮ አሥራ ስድስት ሜትር ተኩል ላይ ነው፣ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ያወጣበታል። ችካል ይተክላል፣ ገመዱን ይወጥራል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ከዚያ ኖራውን በተበሳ ጣሳ እያራገፈ ወደ ኋላው ይሄዳል። ሲጨርስ ችካሉን ነቅሎ ቀዳዳውን በተረከዙ ይደፍነዋል። ለምን እንደሚደፍነው ሲጠይቁት፣ "ሱሪ ስትለብስ የልብስ ሰፊውን መርፌ ማየት ያምርሃል?" ይላል።

ስለ መስመሩ ከተነሳ ትሕትና የሚባል ነገር አያውቅም። "በዚህ ከተማ ቀጥ ያለ ነገር ካለ የኔ መስመር ነው" ይላል። መንገዱን ያየ፣ የስልክ እንጨቱን ያየ፣ የክለቡንም ሊቀመንበር ያየ ሰው ይህን ማስተባበል ይቸግረዋል።

ሊቀመንበሩ የቀለምና የሚስማር ነጋዴ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ያሸነፈው እሱ ነው። ሲሸነፍ ጥፋተኛውን ለማወቅ ጨዋታውን ማየት እንኳ አያስፈልገውም፤ ዳኛው ነው። በዚህ እውቀቱ ሦስት ጊዜ ተመርጧል።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ፤ ቡድኑ በመጨረሻው እሁድ ቢያሸንፍ ወደ ላይኛው ሊግ ሊያልፍ ሆነ። ባዶ ለባዶ እንደሆኑ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ አጥቂያችን ከክልሉ አፍ ላይ ተጠለፈ። ዳኛው ነፋ። ሕዝቡ "ፔናሊቲ" ብሎ ተነሣ። ዳኛው ግን ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሣር በጣቱ አሳየ፤ ተራ ቅጣት ምት። የተመታው ኳስ አጥሩን ተሻግሮ አንድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዐረፈ፣ ሊጉን ትቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ጨዋታው በዚያው አለቀ።

ይህ ዳኛ በሳምንት ስድስት ቀን ፀጉር አስተካካይ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ የሰው ጉሮሮ በምላጩ ስር አድርጎ አንድም ደንበኛ ያልቆረጠን ሰው፣ እሁድ ከሰዓት "ዓይን የለህም" ይሉታል፤ ሰኞ ጠዋት ያንኑ ጉሮሮ ይዘውለት ይመጣሉ። በዚያ ሳምንት ግን አልመጡም። ከተማው ለፍትሕ ሲል ጢሙን ማሳደግ ጀመረ።

ስልክ በእጁ የያዘው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ራሱን ሲቀርጽ ስለነበር ምስል አልተገኘም። የተረፈው ማስረጃ የተጠለፈው ልጅ ጫማ ሣሩን ገልብጦ የተወው ጠባሳ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ አራት ገጽ ክስ አስገባ፤ "ታሪካዊ ደባ" የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ ገብቶበታል። ጨዋታው ይደገም፣ ዳኛውም ዕድሜ ልኩን ፊሽካ እንዳይዝ ይታገድ ይላል።

ማስመሪያው ከጎሉ ጀርባ ቆሞ አይቷል፤ የተጠለፈው ልጅ እግር ከኖራው አንድ ስንዝር ውጭ ነበር። "ውጭ ነው" አለ፣ በሄደበት ሁሉ። "በኔ መስመር ላይ ውጭ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ውጭ ነው።"

ሁለት ቀን ዘንቦ ማክሰኞ ፀሐይ ወጣች። ገመዱ ሁለት ሥራ እንዳለው እዚህ ላይ ይነገር፤ እሁድ የሜዳው፣ በሌላው ቀን የሚስቱ የልብስ ማስጫ ነው። ዝናብ ሲመጣ ባልየው ሮጦ ያስገባዋል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ባልና ሚስት ዘመድ ጥየቃ ሄደው ገመዱ ዝናብ ሲጠጣ ነበር የዋለው።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ገመድህ ምን ሆኖ ነው?" አለች ሚስቱ ከጓሮ።

"ምን ሆነ?"

"እሁድ ጠዋት ርሶ ምሰሶዬን ጎትቶ ሊጥለው ነበር። ዛሬ እዚያው ቦታ ባስረው አንሶላዬ መሬት ይልሳል።"

"አላልተሽው ይሆናላ።"

"እኔ ያሰርኩት የሚላላ ቢሆን፣ አንተ እስከ ዛሬ እዚህ ትገኝ ነበር?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አልሳቀም። አንሶላውን ከነውኃው አሳቀፋትና ገመዱን ፈትቶ ወጣ።

ሜዳው ላይ ኖራው ታጥቦ ሄዷል። እሱ ግን የራሱን የችካል ቀዳዳ በጣቱ ዳስሶ አገኘው። የደረቀውን ገመድ ከጎሉ መስመር ጀምሮ ወጠረ። ቋጠሮው ቀዳዳውን አለፈው፤ በአንድ ክንድ አለፈው። ደግሞ ለካ። ገመዱ አላፈረም፣ ያንኑ ደገመ። የጫማው ጠባሳ ከቋጠሮው ውስጥ ነበር።

ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ቃጫ ሲርስ እንደሚኮማተር ከሚስቱ ምሰሶ በቀር የነገረው የለም። ዳኛው ያየውን ፈርዷል። ሊቀመንበሩ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። ከተማው ዳኛውን ሰድቧል፣ የዳኛውን አባት ሰድቧል፣ ፊሽካውን የሠራውን ፋብሪካ ሳይቀር ሰድቧል። ያልተሰደበ አንድ ሰው ቢኖር ጥፋተኛው ነው። ኖራው የለም፣ ቀዳዳውንም ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ዝም ቢል ማስመሪያው እንደተባለ ይሞታል።

ሐሙስ ክሱን ሊያጣሩ ሦስት የሊጉ ኮሚቴ ሰዎች ሜዳው ድረስ መጡ። ሊቀመንበሩ ከሱቁ ባመጣው የብረት ሜትር ከጎሉ መስመር እስከ ጠባሳው ለኩ፤ አሥራ ስድስት ሜትር ከሃያ።

"ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ውስጥ!" አለ ሊቀመንበሩ። "እንግዲህ ሳይንስ ነው የተናገረው።"

"እኔ መስመሩን ነው ያየሁት" አለ ዳኛው። "እግሩ ከኖራው ውጭ ነበር።"

"ኖራው የታለ?"

ዳኛው ወደ ሣሩ አየ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሩን ሰክቶ መጻፍ ጀመረ። ዳኛው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ፣ ሂሳቡን እንደሚያስረክብ ገንዘብ ያዥ ሳይሆን መለዮውን እንደሚፈታ ወታደር፣ በመዳፉ ዘረጋው።

"ባልዲ ውኃ ይምጣልኝ" አለ ማስመሪያው።

"ጠማህ እንዴ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ለኔ አይደለም፣ ለገመዱ ነው።"

መጀመሪያ የደረቀውን ወጠረና ሜትሩን አስጠጉ፤ ቋጠሮው ልክ አሥራ ስድስት ተኩል ላይ ነው። "ደረቁን ጻፍ" አለው ሰብሳቢውን፣ ተማሪ እንደሚያስተምር። ቀጥሎ ገመዱን ባልዲው ውስጥ ነከረው። ተጠበቀ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን፣ አምስት ጊዜ ስልኩን አየ። ማስመሪያው እጁን አጣጥፎ ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተደፈነውን የችካል ቀዳዳ በጣቱ ከፈተ። የረጠበውን ገመድ ሲወጥሩት ቋጠሮው ቀዳዳው አፍ ላይ ዐረፈ።

"እሁድ ያሰመርኩት በዚህ ነው" አለ። "ዳኛው ያየው የኔን መስመር ነው። የተሳሳተው መስመሩ ነው፣ እሱ አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ። አንዴ የሚለውን እንዳትረሳት፣ ጻፋት።"

ሰብሳቢው ደንቡን ገለጠ። ሜዳ ማሰናዳት የባለሜዳው ክለብ ኃላፊነት ነው፤ ዳኛ የሚፈርደው በተሰመረው መስመር ነው። ክሱ ውድቅ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ወደ ማስመሪያው ዞረ። "ለመሆኑ አንተ የማን ወገን ነህ?"

"የመስመሩ።"

እዚያው ቆሞ ከሥራ አባረረው። እሁድ ለወዳጅነት ግጥሚያ የሚያሰምር ሲጠፋ ሊቀመንበሩ ራሱ ጣሳውን ያዘ፤ በእሱ እጅ የቅጣት ምት ክልሉ እንቁላል ሆኖ ተወለደ። እንግዳው ቡድን ሜዳው ላይ ፎቶ ተነሣበት። ሰኞ ማስመሪያው ተጠራ፣ የብረት ሜትር ከነመያዣው ተሰጠው። ተቀበለው፤ ሚስቱ ገመዷን አገኘች።

ከተማው ደግሞ አዲስ አባባል አገኘ። ሥራ ያረፈደ "ገመዱ ረጥቦ ነው" ይላል፤ ሱሪው ያጠረበትም እንደዚያው። ማስመሪያው ሜዳ ሲገባ ከየአጥሩ ይጮሁለታል፤ እሱም እንደ ጭብጨባ ቆጥሮት እጁን ያነሣላቸዋል።

ማስመሪያው ሜትሩን በተቀበለበት በዚያው ሰኞ ማለዳ ወደ ዳኛው ፀጉር ቤት ሄደ። ወንበሩ ባዶ ነበር። መንገድ አላፊው ቆሞ በመስታወቱ ያያል።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግልህ?" አለ ዳኛው።

"ጢሙን አንሳው። የጆሮ ግንዴንም መስመር ቀጥ አድርገህ አውጣልኝ።"

"በምን ልለካው? ገመድ ይዘሃል?"

"በዓይንህ ለካው" አለና አገጩን ቀና አደረገ። "እሱ ዝናብ አይነካውም።"

ሲጨርስ ማስመሪያው በመስታወቱ ግራና ቀኙን አስተያየ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ምንም አላለም፤ እሱ ዝም ካለ ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው። ሲነሣ በአግዳሚው ላይ ሁለት ባለ ጢሞች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በዚያ የቅጣት ምት እሁድ ከሁሉ በላይ የጮኸው ነበር። ዳኛው ምላጩን ጠረገና በጣቱ ጠራው።