ጾምና ፍስክ በአንድ ሰሐን

ግንቦት ነበር፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስ ናኒ ሻንጣዋን ቆልፋ በሩ አጠገብ አቆመችው። በማግስቱ ወደ አገሯ ለመመለስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ልትሳፈር ነበር።

ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን፣ መካነ ኢየሱስ እሷ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። የወላጆቼ ቤት ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው። አባቴ እሷ ዘንድ ሲያስቀምጠኝ የተናገረው አንድ ቃል ነበር፤ «መምህሪቱ እስካሉ ትማር፤ ከሄዱ ግን ይዣት እገባለሁ።» ከዐቢይ ጾም በፊት ሽማግሌ ተልኮብኝ ስለነበር ይዞኝ ቢገባ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር። ያን ቅዳሜ ደግሞ ለገበያ እንደሚመጣ መልእክት ልኮብኝ ነበር።

ሚስ ናኒ የመጣችው ከሃዋይ ነው። አገሯ በባሕር የተከበበ መሆኑን ስትነግረን፣ እኛ ከክረምት ጎርፍ የሚበልጥ ውኃ አይተን ስለማናውቅ ተረት መስሎን እንሰማት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ምግብ አልወርድላት ብሎ ዳቦ በሻይ ብቻ ትቀምሳለች። ማታ እኔ ከመደቡ፣ እሷ ከአልጋዋ ስንገላበጥ እንሰማማለን። እናቷ የምትሠራላትን ምግብ አንድ ቀን ነግራኝ ነበር፦ ከታች ሩዝ፣ በላዩ ጠፍጠፍ ተደርጎ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ፣ በሥጋው ላይ እንቁላል፣ ከሁሉም በላይ ቡናማ መረቅ። ስሙ ሎኮ ሞኮ ነው ስትለኝ የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ስቄአለሁ።

ሻንጣው ሲቆለፍ ሳይ ማጀት ገባሁ። ሩዝ በከተማው የለም፤ ቅንጬ ጣድኩ። ለሥጋው አንዲት ዶሮ ነበረችን፤ ሴት ግን አታርድም፣ በግቢው ደግሞ ወንድ አልነበረም። ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ማንጠግቦሽ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ ዶሮ የሚያርድልኝ ሰው ከወዴት ላግኝ?»

«ወንዱ ሁሉ ገበያ ነው። ባል አግቢና እሱ ይረድልሽ!» ብለው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት፤ ጓዳ ገብተውም በጣሳ የሽምብራ ዱቄት ይዘው ወጡ። በጾም ጊዜ ዓሣ እያስመሰልን የምንሠራውን ሽምብራ እንደ ሥጋ ጠፍጥፈን በቅቤ ጠበስነው። ለመረቁ ዱቄት በቅቤ አቁላልተን ውኃ ጨመርንበት። ቡናማ ሆነ፤ ትንሽም አረረ። እንቁላሉን በሽምብራው ላይ ሳሳርፍ እትዬ አማተቡ።

«ጾሙንና ፍስኩን ባንድ ሰሐን! አንቺ ልጅ፣ ብቻ ቄሱ እንዳይሰሙ!»

ሚስ ናኒ ሰሐኑን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምንድን ነው?»

«ሎኮ ሞኮ» አልኳት።

በማንኪያዋ ስትነካው አስኳሉ ፈርሶ ወደ ቅንጬው ወረደ። ቀመሰችው። «ሩዝ የለም» አለች። እንደገና ጎረሰች። «ሥጋ የለም።» እንባዋ እየወረደ መብላቷን ቀጠለች። እትዬ ከደጃፉ አንገታቸውን አስግገው «በርበሬ ሳይነካው እንዴት ያስለቅሳል?» አሉኝ።

ሰሐኑ ሳያልቅ አባቴ ደረሰ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሻንጣውን አየ።

«መምህሪቱ ሊሄዱ ነው እንዴ?»

ሚስ ናኒ ከሰሐኑ ቀና ብላ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«አልሄድም» አለችው። «ዛሬ አልሄድም፣ ነገም አልሄድም። እሷ ስምንተኛ ትጨርሳለች፤ ከዚያ።»

የአባቴን ቃል ታውቅ እንደነበር አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። አባቴ እትዬ የሰጡትን ውኃ ቆሞ ጠጣ።

ዛሬ አዲስ አበባ ሩዙም የተፈጨው ሥጋም ከቤቴ ፊት ለፊት ይሸጣል። አንዳንድ እሑድ እሷ እንደነገረችኝ አድርጌ እሠራዋለሁ፤ የሚጎድለው ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሐን ብቻ አስቀምጬ ግማሹን በልቼ እነሳለሁ። በደጃፉ አንገቱን አስግጎ የሚቀልድ ሰው የለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ዐርፈዋል። ሚስ ናኒን ስምንተኛን በጨረስኩበት ክረምት ሸኘኋት፤ ከዚያ ወዲህ ያለችበትን ጠይቄ ማወቅ አልቻልኩም።

ያን ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ የወገዳን መንገድ ይዞ ብቻውን ተመለሰ።