ሳይታጠፍ ያደረ ሰንጢ

ፈሪ ነኝ፤ ሚስቴም ትመሰክራለች። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ሰሞን ግን ፍርሃቴ ልክ አጣ። ቀበና ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ሕፃኑ ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ትንፋሹን ለመስማት ፊቱ ላይ እደፋለሁ።

አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወረዱ። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ «ብረቱስ የታለ?» አሉ። አራስና ሕፃን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ያለ ብረት አያድሩም፤ ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ይባላል። ቢላዋ ከትራስ ሥር ይቀመጣል።

ቀኔ ወጣ ብዬ ከኪሴ ሰንጢዬን መዘዝኩ። ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ የሰጠኝ ነው፤ ያላሳየሁት ሰው የለም። አማቴ በመዳፋቸው መዘን አደረጉትና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ብረት ነው? ላባ እኮ ነው!»

«እጀታው ቲታኒየም ነው እማማ። አይዝግም፣ አይከብድም፣ እጅ ላይ ቶሎ ይሞቃል። ስለቱ ግን የለየለት ብረት ነው።»

ከጀርባው ብቅ ያለችውን ምላስ በሌባ ጣቴ ነካ ሳደርጋት ስለቱ በኩሽኔታው ላይ ተሽከርክሮ ጠቅ ብሎ ወጣ፤ ከእጀታው ላይ የተሰነጠቀች ስስ ቲታኒየም ከስለቱ ኋላ ገብታ እንዳይታጠፍ ቆለፈችው። አማቴ አማተቡ። ጎኑ ላይ ያለችውን፣ ኪስ ነክሳ የምትይዘውን ማንጠልጠያም «የያዘችውን ጨርቅ አትለቅም» ብዬ አሞገስኩላቸው። ከዚያ በአንድ እጄ ዓይን በማያየው ፍጥነት አጠፍኩት፤ እንዲያደንቁኝ ነዋ። ራሳቸው ተቀብለው ከትራሱ ሥር ከተቱት።

እሳቸው ከአራሷ ጋር፣ እኔ ሳሎን አደርን። ጠዋት ስገባ ሚስቴ ተኝታለች፤ ሕፃኑ የለም። አማቴ ፀሐይ ሊያሞቁት ይዘውት እንደወጡ ገባኝና ሰንጢዬን ልይ ብዬ እጄን ትራሱ ሥር ሰደድኩ። የለም።

ፍራሹን ዳበስኩ፣ ከአልጋው ሥር አየሁ። ያች ያሞገስኳት ማንጠልጠያ ትዝ አለችኝ። የሕፃኑን ብርድ ልብስ ይዛ አብራ ተጠቅልላ ሄዳ ቢሆንስ? ነካ ሲያደርጉት የሚከፈት ነገር፣ ልጁ እግሩን ሲያወናጭፍ… ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻልኩም። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ።

አማቴ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕፃኑ ግራ ክንዳቸው ላይ ነው።

«እንዳይነኩት!» ብዬ ጮህኩ። ልጁን ነጥቄ ብርድ ልብሱን ፈታሁ፣ ፎጣውን ፈታሁ። ሆዱን፣ ጀርባውን፣ ጭኑን ፈተሽኩ። ደም የለም። ሰንጢም የለም። ልጁ ብርዱ ሲነካው ሰፈሩን በለቅሶ ቀወጠው።

«ምን ሆንክ ልጄ? ምን ፈለግህ?»

«ሰንጢው እማማ! ሰንጢው የት ገባ?»

የጋቢያቸው ጫፍ ከቀኝ ክንዳቸው ላይ እንዲወርድ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ክንዳቸው ከሰውነታቸው ርቆ ተዘርግቷል። ሰንጢው በጭብጣቸው ውስጥ ነው፤ ስለቱ እንደተከፈተ።

«ሌሊት ከላይ ጅብ ሲጮህ ከፈትኩት። ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አላስቀመጡትም?»

«የት ላስቀምጠው? ትራስ ሥር ባደርገው ልጁን ይቆርጠዋል። ጠረጴዛ ላይ ባኖረው ልጁ ያለ ብረት ሊያድር ነው። አንተን ብጣራ አራሷ ልትነቃ ነው። ይዤው አደርኩ።»

እኔ ደግሞ የቤቱ ፈሪ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ልጁን ጠቅልዬ ወደ ግራ ክንዳቸው መለስኩና ሰንጢውን ልቀበላቸው ስል ጣቶቻቸው አልዘረጋ አሉ። አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ቲታኒየሙ ትኩሳት እንዳለው ግንባር ይሞቃል። የምትቆልፈዋን ስስ ቁራጭ በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ፣ እንዲያዩት ብዬ ቀስ አድርጌ አጠፍኩት።

አማቴ ግን አላዩትም። የደረቀ ቀኝ እጃቸውን እያፍታቱ ወደ ልጁ አጎንብሰዋል።

«ብረቱን ይዘህ እዚሁ ቁም፤ ከአጠገባችን እንዳትርቅ» አሉኝ። «እስቲ አሁን በሁለት እጄ ልቀፈው።»