ላስቲኩን ማን ቀደደው?

ፍሪስቢ የተማርኩት በጥቁር ሰሌዳ ነው። ወላሂ እየቀለድኩ አይደለም። አሥረኛ ክፍል፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ እስክርቢቶ ይዤ። "ፍሪስቢ ከፕላስቲክ የሚሠራ ክብ መጫወቻ ነው" ብዬ ጽፌ ከሥሩ በቀይ አስምሬበታለሁ። አያያዙን፣ የሜዳውን ርዝመት፣ የተጫዋቾቹን ብዛት በቃሌ አወርደው ነበር። በጽሑፍ ፈተናው ከሃያ ሃያ አመጣሁ። ዕቃውን ግን አንድም ቀን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

እኛ "ሳህን" ነበር የምንለው። የስፖርት መምህራችን "ዲስክ በሉ እንጂ ልጆች" እያለ ይለምነናል፤ ማን ይሰማዋል!

ሳህኖቹ ጠፍተው እንዳይመስላችሁ። አንድ የውጭ አገር እንግዳ ለትምህርት ቤታችን ስምንት ሰጥቶ ሄዷል። ስምንቱም ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሁለት የዛጉ ዋንጫዎች አጠገብ ተደርድረዋል። ከነላስቲካቸው። ዳይሬክተራችን ከዕቃ ላይ ላስቲክ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ወንበሩ ከነላስቲኩ ነው፤ ሲቀመጥ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ ወገቡን በጎማ ታስሯል። ኧረ በሰው ምን አስፈረደኝ፣ የእኛም ቤት ሶፋ ያው ነው። እናቴ "ዕቃ ከነክብሩ ነው" ትላለች፤ እንግዳ ሲነሣ ላስቲኩ ልብሱን ይዞ አብሮት ይነሣል። ግን ሶፋ አይበርም።

የስፖርቱ ቲቸር ከከተማው ጫፍ፣ ከየካ አባዶ ነበር የሚመጣው። ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ይሰለፋል፣ ቦሌ እኛ ትምህርት ቤት ሲደርስ ግማሽ ሰው ሆኖ ነው። አንዳንዴ የስም ጥሪ መሃል ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። እኛ ደግሞ፣ የተባረክን ልጆች፣ ለተጠራው አንድ ስም እየተቀባበልን "አቤት!" እንለዋለን። አንድ ቀን "ልጄ ሁለት ዓመት ሞላት፤ እኔ የማውቃት ተኝታ ነው" አለን። ስወጣ ተኝታ፣ ስገባ ተኝታ ማለቱ ነው። ሳቅንበት። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

እቤቱ አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ለመዛወር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመለክት ኖሯል። የድጋፍ ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ደግሞ ዳይሬክተሩ ነው። ዳይሬክተሩ "ዛሬ ነገ" ሲለው ከርሞ፣ አዲሱን ስፖርት ለማየት ከበላይ አካል እንግዶች እንደሚመጡ ሲሰማ ጠራው። "ትርኢቱ ካማረ እፈርምልሃለሁ" አለው። ቲቸር ይህንኑ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነገረን፤ ምንም አልደበቀንም። "እንግዲህ ልጆች፣ ዝውውሬ እናንተ እጅ ላይ ነው" አለ። የእኛን እጅ ቢያውቅ ኖሮ!

ለልምምድ ሳህኖቹን ቢለምን "ለዕለቱ ይወጣሉ" ተባለ። እናም "ከየቤታችሁ ክብ ክዳን አምጡ" አለን። እኔ እናቴ ውሃ የምታጠራቅምበትን የቀለም ባልዲ ክዳን ብብቴ ውስጥ ደብቄ ወሰድኩ። ማታ እናቴ "ኧረ ያ ረቢ፣ ክዳኑን ምን በላው?" ብላ ቤቱን ገለባበጠችው። "እኔ እንጃ" አልኳት። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ለሦስት ሳምንት ባልዲውን በትሪ ከደነችው።

ክዳኑ ግን በረረ! አውሮፕላኖቹ ከጭንቅላታችን በላይ እያጓሩ ሲወርዱ እኛ ከታች የባልዲና የድስት ክዳን እንወረውራለን። ጎበዝ ወርዋሪ ወጣኝ፣ እንዲያውም ከሁሉም ጎበዝ።

ከትምህርቱ ሁሉ ያሳቀን አንድ ሕግ ነበር፤ ይህ ጨዋታ ዳኛ የለውም። ያጠፋ ተጫዋች ራሱ እጁን አውጥቶ "እኔ ነኝ" ይላል።

"ቲቸር፣ እዚህ አገር?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

"አንቺ ጀምሪውና እናያለን" አለኝ። በፈተናም ጠየቀው፤ ያጠፋ ተጫዋች ምን ያደርጋል? "እጁን አውጥቶ ጥፋቱን ያምናል" ብዬ ጻፍኩ። ትልቅ ራይት ሰጠኝ።

ዕለቱ ደረሰ። ሦስት እንግዶች በፕላስቲክ አበባና በታሸገ ውሃ ተከበው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ሳህኖቹን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ ራሱ አመጣቸው። ለቲቸር ሲያስረክበው "ላስቲኩ እንዳይነካ፤ ንብረት ነው" አለው።

"ኧረ በላስቲክ አይበርም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ቲቸር።

"ቀስ ብለው ይወርውሩታ!"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የመጀመሪያው ሳህን ኮሽ ኮሽ ብሎ የወርዋሪው እግር ሥር ወደቀ። የሁለተኛው ላስቲክ ነፋስ ሞልቶት ወደ ወርዋሪው ተመለሰ። ሦስተኛውን ለመያዝ የዘለለው ልጅ ላስቲኩ አዳልጦት በአፍንጫው ተደፋ። ከእንግዶቹ አንዱ ስልኩን አወጣ። ሌላዋ "ጨዋታው ይኼ ነው?" ስትል ሰማናት። ቲቸርን አየሁት፤ እየሣቀ ነበር፣ ሰው እንዳያለቅስ የሚሥቀውን ሣቅ። ያቺ የተኛች ልጅ ትዝ አለችኝ። እንዴት ያስችለኝ! እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ላስቲክ በጥርሴ ይዤ ቸርር አደረግሁትና ሳህኑን ወረወርኩት።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የባልዲ ክዳን ከዚህ ጋር አይወራም። ከእንግዶቹ አናት በላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሳይቸኩል ሜዳው ጫፍ የምትሮጠው ጓደኛዬ እጅ ላይ ዐረፈ። እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። በዚያ በአንድ ራቁቱን በቀረ ሳህን ሩብ ሰዓት ተጫወትን። ባለስልኩ ቪዲዮ ቀረጸን። ቲቸር መስመሩ ላይ እንደ ሕፃን ይዘላል። በቃ፣ ተፈረመ አልኩ በልቤ።

እንግዶቹ አመስግነው ወጡ። ዳይሬክተሩ ሸኝቷቸው ሲመለስ ሜዳው ላይ ጎንበስ አለና የተቀደደውን ላስቲክ አነሣ። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አሳየን።

"ማን ቀደደው?"

ጓደኞቼ ጫማ ጫማቸውን ያያሉ፤ ሁሉም ያውቃል። ያን ሰዓት ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ ያሳፍራል። ወላጅ አምጪ ይሉኛል፤ እናቴ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፤ ከመጣች የባልዲው ክዳን ጉድ ይወጣል። የሰውየው ሦስት ዓመት በአንድ ወገን፣ የባልዲ ክዳን በሌላ ወገን፤ ክዳኑ ከበደኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ከንፈሬን ገጠምኩ።

ከሜዳው ማዶ አንድ እጅ ወጣ።

"እኔ ነኝ" አለ ቲቸር።

ዳይሬክተሩ ማን እንደቀደደው ከወንበሩ ሆኖ አይቷል፤ ዐይኑ ጤነኛ ነው። ግን የሚጠየቅ ሰው ተገኘለት፣ ምን ይፈልጋል? "እንግዲያው ደብዳቤውን እርሳው" አለና ሰባቱን ሳህኖች ቆጥሮ ታቀፈ። ራቁቱን የቀረውን ስምንተኛውን ለብቻው ይዞት ሄደ፣ የታመመ ይመስል። ቲቸር ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳውን አንግቦ ወደ ታክሲው ሰልፍ ሄደ።

ቤት ገብቼ ክዳኑን ባልዲው ላይ መልሼ ገጠምኩት። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ አየችው። "እንዴ! ማን ወስዶት ኖሯል?" አለች።

እጄን አወጣሁ።

ግራ ገብቷት አየችኝ። "ምን ሆነሻል አንቺ? እጅ የሚወጣው ትምህርት ቤት ነው" አለችኝ።